የትኛውን ቅጂ አያችሁ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጠኑ ናቸው፦ በ1950ዎቹ፣ በ60ዎቹና በ70ዎቹ በቴሌቪዥን በተላለፉ የሳይንስ ልብ ወለድ ድራማዎች ላይ ሂስ እንዴት ይጻፋል? «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በየሳምንቱ የአምስት ደቂቃ የፊልም ሂስ እናቀርባለን። «ዶክተር ሁ»ን ልንጀምር አስበን ብዛቱ አስደነገጠን። ከየት እንጀምር? (ከደሴ፣ ሆጤ)

መልስ፦ ከመጀመሪያው ክፍል የመጀመር ግዴታ የለባችሁም። በጊዜና በጠፈር ስለሚጓዝ «ዶክተር» ስለተባለ ገጸ ባሕርይ የሚተርከው «ዶክተር ሁ» በእንግሊዙ ቢቢሲ ከ1963 እስከ 1989 ድረስ 26 ሲዝን የዘለቀ ነው። በቅደም ተከተል እንወጣዋለን ያለ ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ የሚገመገመው ክፍሉ ሳይሆን ታሪኩ መሆኑን ነው። አንድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ አራት ወይም ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ የአራት ክፍል ታሪክ ማለት 100 ደቂቃ ማለት ነው፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ የሚበቃ ነው።

የኛ ምክር ግን በ«ዘ ትዋይላይት ዞን» እንድትጀምሩ ነው። ሮድ ሰርሊንግ የፈጠረው ይህ ተከታታይ ከ1959 እስከ 1964 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ የታየ ሲሆን 156 ክፍሎች አሉት። ከአራተኛው ሲዝን በቀር ሁሉም በግማሽ ሰዓት የሥርጭት ጊዜ የሚያልቁና ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። «ዘ ሞንስተርስ አር ዲዩ ኦን ሜፕል ስትሪት» (1960) ጥሩ መግቢያ ነው፦ በአንድ ሰፈር መብራት ይጠፋል፣ መኪኖች አይነሱም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚያ ወደ አሜሪካዊው የጠፈር ጉዞ ተከታታይ «ስታር ትሬክ» 50 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ አራት ክፍሉ ታሪክ እለፉ።

አተያያችሁ ሁለት ጊዜ ይሁን። በመጀመሪያው ሳታቋርጡ እዩና እንዳለቀ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገሩ፣ እያንዳንዳችሁ ሦስት መስመር ጻፉ። በሁለተኛው ደብተር ይዛችሁ ደቂቃውን እየመዘገባችሁ ታያላችሁ። ባለ ብዙ ክፍሉን ታሪክ በአንድ ቁጭታ አትጨርሱት፤ በክፍልና በክፍል መካከል ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። ምክንያቱም ጸሐፊው የጻፈው ሳምንት ለሚጠብቅ ተመልካች ነው። ቴሪ ኔሽን የጻፈው ባለ ሰባት ክፍሉ የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ «ዘ ዳሌክስ» ጥሩ ማሳያ ነው። ተጓዦቹ በአራተኛው ክፍል ከዳሌኮቹ (በብረት ቅርፊት ውስጥ የሚኖሩ ጨካኝ ፍጡራን) ከተማ ያመልጣሉ፤ ነገር ግን ለመንኮራኩራቸው የግድ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ እዚያው እንደቀረ ይታወቅና በረግረግና በዋሻ አድርገው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። በአንድ ሌሊት ለሚያየው ሰው ይህ ግልጽ የማስረዘም ዘዴ ነው። ሳምንት ለጠበቀው ግን አዲስ ጉዞ ነበር። ሂሳችሁ ሁለቱንም መናገር አለበት፤ ቢሆንም «ረዝሟል» የሚለውን ፍርድ አትተዉት፣ እውነት ነውና።

በተረጋጋ ንባብ አምስት ደቂቃ ከ450 እስከ 500 ቃል ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ታሪኩን ለመንገር ከ100 ቃል በላይ አታባክኑ። ተማሪዎች ሂስ ሲጽፉ በብዛት የሚወድቁት እዚህ ነው፦ አራቱ ደቂቃ ተረክ ይሆንና በመጨረሻ «በአጠቃላይ ቆንጆ ነው» ይባላል።

ጥያቄ፦ ጭራቁ ጎማ፣ ግድግዳው ካርቶን መሆኑ ከሩቁ ያስታውቃል። ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሳልዋሽ እንዴት አመሰግናለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር፣ መሳቁ ችግር የለውም። ችግሩ ሳቁን ፍርድ ማድረግ ነው። ጉድለት ስታይ ምንጩን ለይ፦ የገንዘብ ነው፣ የጊዜ ነው ወይስ የአስተሳሰብ? የታሪኩ ጥፋት ሊባል የሚችለው ሦስተኛው ነው።

የጊዜውን እንይ። በ1953 ቢቢሲ ያሳየው የናይጀል ኒል «ዘ ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» ስድስቱም ክፍሎች በቀጥታ ሥርጭት ነበሩ፤ ተዋናዩ ቃል ቢሳሳት መመለሻ አልነበረውም። በ1963 «ዶክተር ሁ» ሲጀመርም በሳምንት አንድ ክፍል ነበር የሚቀረጸው። ቀኑን ሙሉ በካሜራ ሲለማመዱ ውለው ማታ ይቀረጹታል። የዘመኑ ቪዲዮ ቴፕ የሚታረመው በስለት ተቆርጦ ተለጥፎ ስለነበር ቀረጻ ማቋረጥ የሚፈቀደው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዶክተር የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል አንዳንድ ቃላት ሲደናቀፉበት የምትሰማው ለዚህ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ጥቀስና እለፈው፤ በየክፍሉ ስህተት መልቀም ሂስ አይደለም።

የገንዘቡ ጉዳይ የበለጠ ይጣፍጣል፣ ምክንያቱም እጥረት አንዳንዴ ጥሩ ሐሳብ ያስወልዳል። በ«ስታር ትሬክ» ሰው ብልጭ ብሎ ጠፍቶ ፕላኔት ላይ የሚገለጥበት መሣሪያ የመጣው መንኮራኩሩን በየሳምንቱ ማሳረፍ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ ነው። ውጤቱ ታሪኩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዋናው ጉዳይ እንዲገባ አደረገ። ዳሌክንም ተመልከት። ንድፉን ያወጣው ሬይመንድ ኪውሲክ እግሩን ስላስቀረው «ልብስ የለበሰ ሰው» የሚለው ስሜት ጠፋ፤ ውስጡ የተቀመጠ ተዋናይ ይገፋዋል፣ ድምፁን ግን ሌላ ተዋናይ በማይክሮፎን እየተናገረ ሪንግ ሞዱሌተር በተባለ መሣሪያ ያዛቡታል። ስለዚህ አንድ ትዕይንት መርጠህ ፊትህን ከስክሪኑ አዙርና አምስት ደቂቃ ድምፁን ብቻ አዳምጥ። የ«ዶክተር ሁ» መግቢያ ሙዚቃ የሮን ግሬይነር ድርሰት ነው። ዴሊያ ደርቢሻየር ያቀናበረችው ግን ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ባልተለመደበት ዘመን እያንዳንዱን ድምፅ በቴፕ ቀድታ፣ ቆርጣና ቀጥላ ነው። የመንኮራኩሩ የማቃሰት ድምፅ ደግሞ ብራያን ሆጅሰን በቤት ቁልፍ የፒያኖ ወፍራም ክሮችን ፍቆ ያገኘው ነው። ካርቶኑ ያላሳመነህን ድምፁ ካሳመነህ፣ እሱን ጻፍ።

ገንዘብ የሌለው ዳይሬክተር ድክመቱን በጨለማ፣ በድምፅ ወይም በተዋናይ ፊት ይሸፍናል፤ ካልሸፈነ ይጠየቃል። የ1974ቱ የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ዳይነሶርስ» ይህን ሚዛን ለመለማመድ ይመቻል። ማልኮም ሃልክ የጻፈው ሴራ፣ ዓለምን ወደ ምናባዊ «ወርቃማ ዘመን» ለመመለስ ሌላውን ሕዝብ ሁሉ ለማጥፋት የተዘጋጁ ሰዎች ታሪክ፣ ዛሬም የሚያስደነግጥ ነው። ዳይነሶሮቹ ግን የሚያሳፍሩ አሻንጉሊቶች ናቸው። «ድርሰቱን እንይ፣ አሻንጉሊቱን እንለፈው» እንዳንል ርዕሱ ላይ አሉ፣ በክፍሎቹ መዝጊያም ብቅ ይላሉ። የኛ ፍርድ፦ ጥሩ ድርሰት፣ ሊያወጣው ያልቻለውን የጫነ ዝግጅት።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥናችን ስናየው ሰዎቹ ወፍራም ይሆናሉ። ሲንቀሳቀሱ ጠርዛቸው እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል። ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ምስል አንድ ዓይነት፣ ውጪው ሌላ ዓይነት ነው። ቅጂው ተበላሽቶ ነው? (ከወልድያ)

መልስ፦ ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ጭራሽ ብልሽት አይደለም።

ውፍረቱ ከስክሪኑ ነው። የያኔው ምስል 4 በ3 ነው፤ የዛሬው ስክሪን 16 በ9። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲለጥጠው ፊት ሁሉ በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል። በሪሞቱ የምስል መጠን የሚለውን ፈልጋችሁ 4፡3 አድርጉት፤ በግራና በቀኝ ጥቁር ቢቀር እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። በኮምፒውተር ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በኪቦርዱ ላይ የ«ኤ»ን ፊደል በተጫናችሁ ቁጥር መጠኑ ይቀያየራል። ከመለጠጡ የባሰው ግን ስክሪኑን ለመሙላት ከላይና ከታች የተቆረጠ ቅጂ ነው፤ የምስሉ ቁመት ሩብ ይጠፋል። የተዋናዩ ግንባር ተቆርጦ ካያችሁ ያንን ቅጂ ይዛችሁ ስለ ካሜራ አቀማመጥ አንድም ቃል አትጻፉ።

ማበጠሪያው የሚመጣው የድሮ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ፣ አንዱን ጎዶሎ መስመሮች ሌላውን ሙሉ መስመሮች አድርጎ፣ ስለሚይዝ ነው። በእንግሊዙ አሠራር በሰከንድ 50 ግማሾች ናቸው። ኮምፒውተር ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያሳይ ተንቀሳቃሹ ነገር ይሰነጠቃል። በቪኤልሲ «ቪዲዮ» ከሚለው ዝርዝር «ዲኢንተርሌስ»ን አብሩ፣ ዓይነቱን «ያዲፍ 2ኤክስ» አድርጉ። ይህን አድርጋችሁም ካልጠፋ ስንጥቁ ፋይሉ ሲቀነስ አብሮ የታተመ ነው፤ ሌላ ቅጂ ፈልጉ እንጂ አትድከሙ። በአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውንም ማስተካከያ አጥፉ፤ ስሙ እንደየፋብሪካው ይለያያል።

የውስጥና የውጪው ልዩነት ግን የአሠራሩ ነው። ቢቢሲ ስቱዲዮ ውስጥ በቪዲዮ፣ ሜዳ ላይ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነበር የሚቀርጸው። ተዋናይ በር ከፍቶ ሲወጣ ምስሉ ድንገት ሻካራና ለስለስ ያለ እንቅስቃሴ የሌለው የሚሆነው በዚህ ነው።

አንድ ያልጠየቃችሁት ጨምረን እንንገራችሁ። «ስታር ትሬክ» በሰከንድ 24 ምስል በሚሄድ ፊልም የተቀረጸ ነው። በአውሮፓ አሠራር የወጡ የድሮ ዲቪዲዎች 25 አድርገው ያጫውቱታል፤ 50 ደቂቃው 48 ይሆናል፣ ድምፁም በጥቂቱ ይቀጥናል። በደብተራችሁ «በ31ኛው ደቂቃ» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ ሌላ ቅጂ ያለው አንባቢ ትዕይንቱን አያገኘውም። ከደቂቃው አጠገብ የሚነገረውን ቃል ጨምሩ።

ጥያቄ፦ የሥርጭት ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍ ወይስ በነሱ? ሰባት ዓመት እየቀነስኩ ነው የምጽፈው። (ከደሴ)

መልስ፦ ሰባት ብቻ መቀነስ ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ላለው ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ላለው ስምንት ይቀነሳል። «ስታር ትሬክ» የጀመረው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1966 ነው፤ በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን 1958 ዓ.ም. ይሆናል። ሰባት ብትቀንሱ 1959 ይወጣና ተከታታዩን በአንድ ዓመት ታዘገዩታላችሁ፣ አዲሱ ዓመት ግን ገና አልገባም ነበር። «ዘ ዳሌክስ» ደግሞ ከዲሴምበር 21 ቀን 1963 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1964 ተላለፈ፤ በነሱ ሁለት ዓመት ሲነካ በእኛ ታኅሣሥ 11 ተጀምሮ ጥር 23 ያለቀ፣ ሁሉም 1956 ዓ.ም. ነው። «ዘ ትዋይላይት ዞን» የተጀመረበት ኦክቶበር 2 ቀን 1959 መስከረም 21 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ አምባሰል ግሸን ማርያም በምትነግሥበት ዕለት መሆኑ ለሂሱ ባይጠቅምም ለወሎ አንባቢ ቀኑን ያስይዘዋል። ሁለቱንም ቀን ጻፉ፣ በመጀመሪያ የነሱን፤ ሌላ ቦታ ለማመሳከር የሚረዳው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የጠፉ ክፍሎች አሉ ሲባል ሰማሁ። በድምፅ ብቻ ወይም በአኒሜሽን የቀረውን ታሪክ መገምገም ይቻላል? (ከሐይቅ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን ሂሱ ምን እንዳየህና ምን እንዳላየህ በግልጽ መናገር አለበት።

መጀመሪያ ለምን ጠፉ? ቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ብዙ ድራማዎችን ደምስሶ በላያቸው ሌላ ቀድቷል። በቤት ውስጥ የሚታይ ካሴት ገበያ አልነበረም፤ ከተዋናዮች ጋር የነበረው ውልም ደጋግሞ ማሳየትን ይገድባል። የተረፉት በአብዛኛው ለውጭ አገር ጣቢያዎች ለመሸጥ በፊልም የተባዙት ናቸው፤ የሞኒተሩ ምስል በፊልም ካሜራ እየተቀረጸ ይባዛ ነበር። የጠፉትም ቢሆኑ ተመልካቾች ያኔ ከቴሌቪዥናቸው በቀዱት ድምፅ ይሰማሉ። ለአንዳንዶቹ ደግሞ ጆን ኩራ የተባለ ፎቶ አንሺ ከስክሪን ያነሳቸው ተከታታይ ፎቶዎች አሉ። ከላይ ከጠቀስነው «ኳተርማስ» ስድስት ክፍሎች የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ቸኩሎ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ ከ«ዶክተር ሁ» ታሪክ ከ«ዘ ኤኒሚ ኦፍ ዘ ወርልድ» (1967–68) ተማር። ከስድስቱ ክፍሎች ለረጅም ዓመታት የተረፈው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም የተቀዛቀዘው ነው። ብዙዎች ታሪኩን በሙሉ በዚያ አንድ ክፍል ለክተው ደካማ ነው አሉ። በ2013 ግን ቀሪዎቹ በናይጄሪያ ጆስ ከተማ በሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መገኘታቸው ተነገረ። ፓትሪክ ትራውተን ዶክተሩንም አምባገነኑን ሳላማንደርንም ሆኖ የሚጫወትበት ብቃት ሲታይ ፍርዱ ተገለበጠ። አብሮ የተገኘው «ዘ ዌብ ኦፍ ፊር» ሦስተኛ ክፍሉ ሳይኖር ነው የወጣው።

ስለዚህ ድምፅ ብቻ ካለህ የምትፈርደው በንግግሩ፣ በድምፅ ትወናው፣ በሙዚቃውና በታሪኩ አወቃቀር ላይ ነው። ፎቶዎች ከተጨመሩ ስለ አልባሳትና ስለ ስቱዲዮው አሠራር መናገር ትችላለህ። አኒሜሽን ግን ያታልላል፦ የካሜራው አቅጣጫ፣ የፊቱ ስሜት፣ የትግሉ ፍጥነት የዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ናቸው። «ዳይሬክተሩ ግሩም አድርጎ አሳይቶናል» ብለህ ስትጽፍ ሌላ ሰው እያመሰገንክ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የታደሰው ቅጂ ይሻላል ወይስ የድሮው? (ከመካነ ሰላም)

መልስ፦ ለማየት የፈለጉትን፤ ለሂስ የድሮውን። ከ2006 ጀምሮ የታደሰው «ስታር ትሬክ» የጠፈር ትዕይንቶቹ በኮምፒውተር ተተክተዋል። ብሉ ሬይ ዲስኩ ግን የቀድሞውን መምረጥም ያስችላል። «ለ1966 አስገራሚ ነው» ብለው ያደነቁት መንኮራኩር ከ40 ዓመት በኋላ የተሠራ እንዳይሆን ያጣሩ። በ70ዎቹ ስቱዲዮ የተቀረጸ የእንግሊዝ ቪዲዮ «4ኬ» ነው ቢሉዎትም አይግዙ፤ ምስሉን የያዙት መስመሮች 576 ናቸው፣ የቀረው መለጠጥ ነው። ከቀድሞው (1963–89) «ዶክተር ሁ» ልዩ የሆነው የ1970ው «ስፒርሄድ ፍሮም ስፔስ» ነው፦ በስቱዲዮ ሠራተኞች አድማ ምክንያት ሙሉ በሙሉ በፊልም ስለተቀረጸ እውነተኛ ጥራት ይወጣዋል። በ«ዘ ትዋይላይት ዞን» ሁለተኛ ሲዝን ደግሞ ስድስት ክፍሎች ወጪ ለመቆጠብ በቪዲዮ ስለተቀረጹ ደብዘዝ ብለው ቢያዩዋቸው ዲስኩን አይመልሱ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ድራማዎች ሰምና ወርቅ አላቸው ይባላል። ወርቁን እንዴት ላውጣ? (ከዋድላ፣ ኮን)

መልስ፦ ከቅኔ አገር ለመጣ ጥያቄ መልሱ አጭር ሊሆን ይገባው ነበር፦ ሰሙ በራሱ መቆም አለበት። ብዙ ገምጋሚዎች በመጀመሪያው አንቀጽ «ይህ ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ነው» ብለው ይጨርሱታል። በ«ሜፕል ስትሪት» ወርቁ የ1950ዎቹ አሜሪካ የኮሚኒስት አደን መሆኑ ግልጽ ነው፤ ታሪኩ ግን ያንን የማያውቅ ልጅም ትንፋሹን ይዞ ያየዋል። በ1969 ጃንዋሪ የታየውን የ«ስታር ትሬክ» «ሌት ዛት ቢ ዮር ላስት ባትልፊልድ» ከጎኑ ያስቀምጡ። ፊታቸው ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ የሆነ ሁለት ሰዎች፣ ጥቁሩ በየትኛው በኩል ነው በሚል ይጠላላሉ። ሐሳቡ ክቡር ነው፤ ሰሙ ግን ሳስቷል። ወርቁ ከመጀመሪያው ደቂቃ ወጥቶ ስለሚታይ የቀረው ሩጫና ንግግር ብቻ ነው። በግምገማዎ መጀመሪያ ሰሙ ይሠራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ካልሠራ የወርቁ ክቡርነት አያድነውም።

ጥያቄ፦ የዘር ንቀት ያለበትን የድሮ ታሪክ «ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፍ ይበቃል? (ከላሊበላ፣ መምህር)

መልስ፦ አይበቃም፣ ምክንያቱም ዘመኑ አንድ ዓይነት አልነበረም። የ1977ቱ የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ «ዘ ታሎንስ ኦፍ ዌንግ ቺያንግ» በሮበርት ሆልምስ ድንቅ ንግግሮች የተሞላ ነው፤ ዋናውን ቻይናዊ ገጸ ባሕርይ ግን ፊቱን የተቀባ እንግሊዛዊ ይጫወተዋል፣ ሌሎቹም ቻይናውያን ከወሮበላነት አያልፉም። ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ «ስታር ትሬክ» ኒሼል ኒኮልስንና ጆርጅ ታኬን የመኮንን ማዕረግ ሰጥቶ መንኮራኩሩ በሚመራበት ክፍል ውስጥ አስቀምጧቸዋል። ስለዚህ በዚያው ዘመን ሌላ ምርጫ ነበር ማለት ይቻላል። «ስታር ትሬክ»ንም በነጻ አይልቀቁት፦ ኒኮልስ የምትጫወታት ኡሁራ በአንድ ክፍል ስንት ዓረፍተ ነገር ትናገራለች? ትወስናለች ወይስ መልእክት ብቻ ታስተላልፋለች? ተማሪዎችዎ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከቁጣ ይልቅ ያሳምናል። ጉዳዩን በሂሱ መጨረሻ እንደ ማሳሰቢያ ሳይሆን ትወናው በሚነሳበት አንቀጽ ውስጥ ያስገቡት።

ጥያቄ፦ 60 ዓመት ያለፈውን ታሪክ መጨረሻ ብናገር ምን አለበት? (ከከሚሴ)

መልስ፦ አንባቢህ ሊያየው የተዘጋጀው ዛሬ ማታ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ታሪኩ አዲስ ነው። በተለይ «ዘ ትዋይላይት ዞን» ግማሽ ጉልበቱ መጨረሻው ላይ ስለሆነ አትንካው። ፍርድህ ያለ መጨረሻው የማይቆም ከሆነ ግን ደብቀህ አታድበስብስ፦ «ከዚህ በታች ፍጻሜው ይነገራል» የሚል አንድ መስመር ጻፍ፣ ከዚያ በነጻነት ቀጥል። በርዕስና በፎቶ ላይ ግን በፍጹም።